የቮርግ ብራዘርስ ሳይድ ቢ

ሰኔ 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሽ ጣሰው ኮምፒዩተር ገዙ። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አብነት ላይ ሙዚቃ ቤት አላቸው። እኔም ማትሪክ ከጣለኝ ወዲህ እዚያው የካሴት አቧራ እየጠረግሁ እኖራለሁ። ኮምፒዩተሩ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሙሽራ የመጣች ይመስል ወጥቶ አየ። ጋሽ ጣሰው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት፣ አቧራ እንዳይገባበት። እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ክረምት በብርድ ስንቀጠቀጥ ጋቢ ያለበሰኝ የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ሥራችን ሚሞሪ መጫን ነው። ሰው ስልኩን ያመጣል፣ እኛ ሚሞሪውን አውጥተን የሚፈልገውን ዘፈን እንገለብጥለታለን። የመጀመሪያው ደንበኛ በርበሬ በረንዳ ኬሻ የሚሸከም ልጅ ነበር።

«አዲስ አልበም ገብቷል፣ ሙሉውን ልጫንልህ?» አልኩት።

«አሥር ዘፈን ምን ያደርግልኛል ባክህ? ያቺን አንዷን ጫንልኝ።»

«የቷን?»

«ታክሲ ውስጥ ያለችውን።»

ጋሽ ጣሰው ከኋላዬ ሆነው «አየህ? ዘፈን እንደ በርበሬ በማንኪያ ሆኗል። በኩንታል የሚገዛ የለም» አሉ።

ካሴቶቹ እስከ እንቁጣጣሽ ከመደርደሪያው ይነሣሉ፣ ምናለሽ ተራ ወርደው በኪሎ ይሸጣሉ። ይህን ለጓደኛዬ ለሁዛይፋ ነገርኩት። የሚያዝንልኝ መስሎኝ ነበር። «እሰይ» አለ፤ «ካሴቱ ሁሉ ከወረደ የቮርግ አልበምም ይገኛላ!»

ቶሎ ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ሰኔ 13

እማዬ ተኝታለች። ይህን ደብተር ከእሷ በቀር የሚያገኘው የለም፣ እሷም ፊደል አትለይም። ስለዚህ እውነቱን ልጻፈው።

አምና ጥቅምት የሁዛይፋ አባት ቦንዳ ሲፈቱ፣ ከውጭ ታስሮ ከሚመጣው አሮጌ ልብስ፣ ከሕፃናት ፒጃማ መሀል ሦስት አንድ ዓይነት ጥቁር ቲሸርቶች ወጡ። ደረታቸው ላይ የብረት ቆብ የደፋ ራስ ቅል፣ ዙሪያውን እሳት፣ ከላይ እሾህ እሾህ በሚል ፊደል «ቮርግ ብራዘርስ»። ከጀርባ የአምስት ከተማ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ። የኮንሰርት ዝርዝር መሆኑ ለማን ይጠፋዋል? አንዱን ሁዛይፋ፣ አንዱን እኔ፣ አንዱን ጓደኛችን ሩሀማ ወሰድን። በዚያች ቀን ሮከሮች ሆንን። ልብሱ ሙሉ ነበር፣ ሙዚቃው ብቻ ነው የቀረን።

ሩሀማ ያኔውኑ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የሙዚቃ ቤት ልጅ አይደለህ? ታውቃቸዋለህ?»

ቀጥ አድርጋ ነው ያየችኝ። እንዲያ ስታይ ምን ይባላል? «ታዲያስ፣ አልበማቸው እኮ አለን» አልኩ። የመርካቶ ልጅ «አላውቅም» ማለት አልፈጠረበትም። አድራሻ ብትጠይቀው እንኳ አላውቅም ከሚል አሳስቶ ይመራሃል።

ከዚያ ወዲህ ያ ካሴት ያልሆነው የለም። ተበጥሷል፣ ሰው ተውሶታል፣ ጋሽ ጣሰው ቆልፈውበታል። ማሰማት ስላልቻልኩ መንገር ጀመርኩ። ማታ ማታ ሩሀማን ከአብነት እስከ ጭድ ተራ ስሸኛት አንድ አንድ ዘፈን እነግራታለሁ። ሳይድ ኤ አምስት፣ ሳይድ ቢ አራት። የመጀመሪያው በመዶሻ ይጀምራል። በሦስተኛው ላይ ዘፋኙ እሳት የዋጠ ሰው ነው። ስነግራት እኔም አምናለሁ። እሷ ተራቸውን በቃሏ ይዛዋለች።

ለዚህ ካሴት ያልከፈልነው ዋጋ የለም። ኩሊዎቹ «ሰይጣን አምላኪዎች» ይሉናል። እማዬ ቲሸርቴን ስታሰጣ ጎረቤት እንዳያይ ትገለብጠዋለች፣ መጀመሪያ ጠበል ትረጨዋለች። የሁዛይፋ አባት ደግሞ «ይህን የሞት ልብስ አውልቅ» ቢሉት እምቢ ስላለ እስከ ዛሬ አያናግሩትም።

ሰኔ 17

ሩሀማ ኩዌት ልትሄድ ነው። እህቷ ወሰንየለሽ ናት የጨረሰችላት። ከመስቀል በፊት።

«ከመሄዴ በፊት የቮርግን አልበም ልስማው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተራው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ኩዌት ሙቀት ነው አሉ።

ሰኔ 24

ሁዛይፋ ቮርግን ሊፈልግ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ማታ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። ገጹ ከላይ ጀምሮ እየተንጠባጠበ ሲመጣ ራስ ቅሉ እስከ ቅንድቡ ከታየ በኋላ ኔትወርክ ተቋረጠ።

«ግንባሩ ራሱ ነው፣ ወላሂ የኛው ነው» አለኝ።

ኔትወርክ የሚያቋርጠውን ሁሉ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ሩሀማም አብራው ሄዳ ነበር። ውጭ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ነው የቆየችው አለ።

ሐምሌ 5

የዓለም ዋንጫ ትናንት አለቀ። ጋሽ ጣሰው ወሩን ሙሉ ድምፅ ማጉያውን ለኳስ ሰጥተውት ስለነበር የዚያ የደቡብ አፍሪካ ጥሩምባ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ይነፋል። ይኸው ጥሩምባ ነው ሐሳቡን ያመጣልኝ። የሌለ አልበም አይገኝም፣ ይሠራል እንጂ። መርካቶ ያልሠራችው ምን አለ? የጣሊያን ጫማ እዚህ ይሰፋል፣ የቱርክ ጃኬት እዚህ ይቆረጣል። የአሜሪካ ሮክ በምን ይበልጣል?

ጊታር የለኝም። ቢኖረኝም አልችልም። ያለኝ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነው፣ እሱም ሊሸጥ ነው። አንድ ማይክ አለ። ባዶ ካሴት ሞልቷል፣ ማን ይገዛዋል። ሌላው ያለኝ ዓመቱን ሙሉ ለሩሀማ ያወራሁት ወሬ ነው።

ሐምሌ 10

ምናለሽ ተራ። በርሜል ቀጥቃጮቹ ጋ። ዝናብ። ማይኩን በፌስታል ጠቀለልኩት። አንዱ ቀጥቃጭ «ጋዜጠኛ ነህ?» አለኝ።

«አይ፣ ሙዚቃ ነው።»

መዶሻውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። «እናትህ ታውቃለች?»

ማታ የመቅጃውን ድምፅ መርፌው ቀዩን ምልክት እስኪነካ ለቀቅሁት። እዚያ ሲደርስ በርሜሉ በርሜልነቱ ይቀራል። የመጀመሪያው ዘፈን ይኸውላችሁ። እንዲያውም ከነገርኳት ይበልጣል።

ሐምሌ 17

ዘፋኝ ቸገረኝ። ትናንት ቤት ውስጥ ብሞክረው ሁለተኛውን ጩኸት ሳልጨርስ እማዬ ጠበል ይዛ ገባች። ግማሹ ማይኩ ላይ ፈሰሰ።

ዛሬ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። ጫልቱ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት፣ አሁን በርበሬ በረንዳ ወፍጮ ቤት ትሠራለች። ወፍጮው ከተነሣ ሰው ቢገደል አይሰማም። ጥግ ይዤ ቆምኩና አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል እንኳ ሳልጨርስ በርበሬው ጉሮሮዬ ገባ። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእኔ አይደለም። ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ሳለቅስ፣ እንደገና ስጮህ ቆየሁ። ጫልቱ ወፍጮውን አጥፍታ ውሃ አመጣችልኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እየዘፈንኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለሩሀማ።»

«ታዲያ እንዲህ ከምትሰቃይ ለምን አትነግራትም?»

«ምኑን?» አልኳት።

ሳቀችና ወፍጮዋን አስነሣች። ጫልቱ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ነገር አይገባትም።

ማታ አዳመጥኩት። ሦስተኛው ዘፈን ነው፣ እሳት የዋጠው ሰውዬ ቁርጥ ራሱ።

ሐምሌ 25

ሁዛይፋ አገኘው። ገጹ እስከ ታች ወረደለት።

በዝናቡ በስብሶ ሱቅ ገባና ጋሽ ጣሰው እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ቮርግ ብራዘርስ ወንድማማቾች ናቸው። አሜሪካን አገር አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና አላቸው። ከቲሸርቱ ጀርባ ያሉት ከተሞች ቅርንጫፎቻቸው ናቸው፣ ዓመተ ምሕረቱ የተከፈቱበት።

«ራስ ቅሉስ?» አልኩት።

«ሽታው ይገድላል ለማለት መሰለኝ።»

ሁዛይፋ «ፋዘርን እምቢ ያልኩት እኮ 'ማንነቴ ነው' ብዬ ነው» አለ። «አባቴን! ማንነቴ ሽንት ቤት ይመጥጣል?»

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ቢመታኝ ይሻል ነበር። «አንተስ? ዘጠኝ ዘፈን ሙሉ ስትነግረን?» አለኝ። የወፍጮ ቤቱን ካሴት ከፈትኩለት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ሦስተኛዋ ማስነጠስ ላይ ትከሻው ተነቀነቀ። መጨረሻው ላይ ከዱካው ወድቆ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ይሄ ግን…» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ምን?»

«ይሄ ግን ቮርግ ነው።»

ለሩሀማ እንዳይነግራት አስማልኩት። «አብራኝ እኮ ነበረች» አለ። ክንዱን ያዝኩት። «ማለት… ውጭ። ሻይ ስትጠጣ» አለ ቶሎ ብሎ። ይቺ ልጅ ሻይ ትወዳለች።

ነሐሴ 9

ከሁዛይፋ ጋር እየሠራን ነው። በርሜሉን የሚመታው ማፍጠሪያ ሲቃረብ ነው፣ ረሃቡ ሲጠና ክንዱ ይበረታል። እሱ በረመዳን፣ እኔ በፍልሰታ። እንደኛ ያለ ጾመኛ ሰይጣን አምላኪ ከየት ይገኛል።

ጋሽ ጣሰው ከደጅ ሰምተው ገቡ። «ምንድነው ይሄ?»

«ሮክ ነው ጋሼ።»

«ጎሚስታ የተከፈተ መስሎኝ።»

ይሁን እንጂ አልወጡም። ጥግ ቁጭ ብለው እስከ ሳይድ ኤ መጨረሻ ሰሙት። ከዚያ ስለ ድሮ አወሩን። ሰው ካሴት ገዝቶ ከነቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ፣ አራተኛው ዘፈን ቀሽም ነው ብሎ ሱቅ ድረስ መጥቶ ሲጣላ። «አራተኛው ዘፈን እንደ ሚስት ዘመድ ነው» አሉ። «ባትወደውም ታስተናግደዋለህ፣ ስትለምደው ደግሞ ከሁሉም እሱ ይሻልሃል። ዛሬ ሁሉም የሚፈልገው ሙሽራዋን ብቻ ነው።»

ይህን ብለው ተነሡና የዘመኑን ሥራ ቀጠሉ። ሌላ ሱቅ እንዳይሰርቀን ብለው በየዘፈኑ መግቢያ ላይ ድምፃቸውን ከተዋል። የምንጭነው ዘፈን ሁሉ «ጣሰው ሙዚቃ ቤት! አብነት! ደረጃው ላይ!» ብሎ ነው የሚጀምረው። ትናንት አንድ ደንበኛ የፍቅር ዘፈን ለሚስቱ ሲያሰማት መጀመሪያ ጋሽ ጣሰው ጮኹባት አሉ።

ነሐሴ 22

ስምንቱ አለቀ። በኩራት ለሩሀማ «ካሴቱ ተገኝቷል፣ እየጠገንኩት ነው» አልኳት። በአንድ ጃንጥላ እየሸኘኋት ነበር።

«ዘጠነኛውስ አልተበላሸም?» አለችኝ።

ዘጠነኛው! ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። «እሱ… የቱ ነበር?»

«ሳይድ ቢ የመጨረሻው ነዋ። ከበሮ የለውም። ዝናብ ብቻ ነው። ከዚያ ዘፋኙ አንድ ቃል ይልና ያልቃል። አባዬ የሞተ ሰሞን፣ በራችን ላይ ቆመን ነው የነገርከኝ።»

«ቃሉ ምን ነበር?»

«የሰማኸው አንተ ነህ እንጂ» አለችና ገባች።

ብቻዬን ስመለስ ትዝ አለኝ። «አትሂጂ» ነው። ያን ማታ ለቅሶው ገና አልተነሣም፣ እሷ ወደ ቤት ልትገባ ዞር ስትል ነው ከአፌ የወጣው። ደንግጬ «እንዲህ ይላል ዘፋኙ» አልኩ። ለምን እንዲያ ያለ ዘፈን እንደፈጠርኩ እንጃ። ዘፈን አልቆብኝ ይሆናል።

ነሐሴ 29

ካሴቶቹ በጋሪ ወደ ምናለሽ ተራ ወረዱ። ጋሽ ጣሰው ሲጫን አላዩም፣ ሽንት ቤት ገብተው ጋሪው እስኪሄድ አልወጡም። ባለ ሁለት ካሴቱን ቴፕ ግን «ተወው፣ የሚገዛው የለም» አሉ። ትናንት አንድ ሰው ሊገዛው ጠይቆ እንደመለሱት ሰምቻለሁ።

ጳጉሜ 3

ዘጠነኛውን ልንቀዳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል፣ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሁዛይፋ ማይኩን አፌ ላይ ደቀነ።

«በል።»

አፌን ከፈትኩ። ዝናብ።

«በል እንጂ!»

ዝናብ። ካሴቱ አልቆ ቀጭ አለ።

«በርበሬ ላምጣልህ?» አለ ሁዛይፋ።

ዝናቡ ብቻውን ይበቃል አልኩት። ትልልቅ ባንዶች ነገሩን ለአድማጭ ይተዉታል አልኩት።

«ስማ፣ ቮርጎች ሽንት ቤት ነው የሚመጥጡት። ትልልቅ ምናምን አትበለኝ። አንዲት ቃል አቅቶህ ነው።»

ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል። በርበሬው ይሆናል።

ጳጉሜ 5

ዒድ። ሁዛይፋ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ከአባቱ ኋላ ኋላ ሲሄድ ከደጃችን አየሁት። ካፊያ ነበር። ጀለቢያው ሲረጥብ ከሥሩ ራስ ቅሉ ከነቆቡ ወለል ብሎ ወጣ። አባቱ ዞር ብለው አዩት። እኔ ለሱ ተሸማቀቅሁ። ሰውየው ጃንጥላቸውን ወደሱ አዘንብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መስከረም 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሩሀማ ሱቅ መጣች። መደርደሪያው ባዶ ነው፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ፊቷን አያለሁ። የትኛው ጋ እንደደረሰች ከፊቷ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ላይ አንዱን ጆሮዋን ከፈተች። «አሜሪካኖችንም በርበሬ ያስነጥሳቸዋል እንዴ?»

«እዚያም እኮ በርበሬ አለ።»

«የኛን ነው የሚመስለው።»

«ከኛ ነው የሚገዙት።»

«እ…ሺ» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ማዳመጧን ቀጠለች። አምናለች፣ ዕድሜ ለበርበሬ።

ካሴቱን ራሷ ገለበጠችው። አንድ ልጅ ሚሞሪ ሊያስጭን መጥቶ ብዙ ጠበቀ፣ አላየሁትም፣ ሰድቦኝ ሄደ። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አልተናገረም» አለች።

«ማን?»

«ዘፋኙ። አንድ ቃል ነበረችው።»

እኔ ደግሞ ምን አልኩ? ጅል። «ካሴቱ አርጅቶ ይሆናል፣ እዚያ ጋ ተበልቷል።»

አየችኝ። ያኔ ቲሸርቶቹ የወጡ ቀን እንዳየችኝ አድርጋ። ከዚያ «ይሆናል» አለች። ካሴቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኩዌት ውስጥ ቴፕ እንደማታገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

መስከረም 9

ሄደች። ቦሌ አልሸኘኋትም፣ ሥራ በዝቶብኝ። (እሑድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነበር።)

ቲሸርቱን ለብሳ ነው የሄደችው አለ ሁዛይፋ።

መስከረም 26

ጋሽ ጣሰው አልበሙን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አገኙት፣ ለመጠባበቂያ ገልብጬው ነበር። ሳይነግሩኝ የወፍጮ ቤቱን ለአንድ ወያላ የስልክ መጥሪያ አደረጉለት። አሁን አብነት ላይ ስልክ በጠራ ቁጥር እኔ አስነጥሳለሁ። ደንበኛ ሁሉ «ያቺን የበርበሬዋን» ይላል። ሌሎቹም አሉ ስል «አይ፣ እሷ ትበቃለች» ይሉኛል። ታዋቂ ሆንኩ። እማዬ ይህን ድምፅ ታክሲ ውስጥ ስትሰማ አማተበች።

ዘጠነኛውን የጠየቀ የለም።

ጥቅምት 6

ወሰንየለሽ መጣች። ወደ ኩዌት የሚሄድ ሰው አግኝታ ለሩሀማ ሚሞሪ ልትልክላት ነው።

«መዝሙር ጫንልኝ፣ እስኪሞላ ድረስ። ልብስ ስትተኩስ ነው የምታዳምጠው» አለችኝ።

«ደህና ናት?»

«እንጃ። ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

ከሰዓት እንድትመለስ ነገርኳት። መዝሙሩን ጫንኩ፤ መዝሙር ላይ ጋሽ ጣሰው ድምፃቸውን አልከተቱም፣ እግዚአብሔርን ፈርተው። አንድ ዘፈን የሚያህል ቦታ ሲቀር አቆምኩ። የሱቁን በር ዘጋሁና ያን አሮጌ ማይክ አወጣሁት። የጥቅምት ፀሐይ ነው፣ ዝናብ የለም፣ የጳጉሜውን ዝናብ በአንዱ ካሴት ከፍቼ በላዩ ላይ ተናገርኩ። በአንድ ጊዜ ወጣ። አላስነጠሰኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ያሰብኩት። ሄዳለች እኮ! አሁን ዘፋኙ «አትሂጂ» ቢላት ምን ይሆናል? «ነይ» ቢል አይሻልም? ልቀይረው ማይኩን መልሼ አነሣሁና ተውኩት። አልበም ነው፣ ከወጣ በኋላ ቃሉ አይቀየርም።

ኮምፒዩተሩ እንደ ልማዱ የጋሽ ጣሰውን ማስታወቂያ ከፊቱ ለጠፈበት። ላነሣው ሞከርኩ፣ አልቻልኩበትም። ይሁን። ወሰንየለሽ መጥታ ሚሞሪውን በመሀረብ ቋጥራ ወሰደችው።

ስልክ በተራ አያጫውትም፣ እንዳሻው ያደባልቃል። ነገ ትደርስበት ይሆናል፣ ለፋሲካ ይሆናል። ብቻ አንድ ቀን የሰው ልብስ እየተኮሰች፣ ከመዝሙሩ መሀል ጋሽ ጣሰው «ደረጃው ላይ!» ብለው ሲጮኹባት ካውያዋን ታቆማለች። ከዚያ ዝናቡ ነው፣ ከዝናቡ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለች።